የማታው የሩሲያኛ ኮርስ በባህር ዳር፦ ደረጃ አንድ ይመከራል፣ ደረጃ ሁለት ይቆየን

ሩሲያ ሄደው የሩሲያን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለመማር ላሰቡ ተማሪዎች ባህር ዳር ውስጥ የሚሰጠው የማታ ኮርስ ሁለት ደረጃ አለው። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው። አንዱ ደረጃ 12 ሳምንት ስለሚፈጅ ሲባዛ 72 ሰዓት ይሆናል። ደረጃ አንድ ከፊደል ይነሣል። ደረጃ ሁለትን ማስታወቂያው «ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ፣ ቢ1» (መካከለኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ) ይለዋል፤ ክፍያውም ከመጀመሪያው ላቅ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ለሚከፍል ቅናሽ ስላለ ብዙ ወላጅ ከፍሎ ይገላገላል። እኛ ግን ቅናሹ ይቅርባችሁና ደረጃ አንድን ብቻ ክፈሉ እንላለን። የመጀመሪያው ገንዘቡን የሚያወጣ ትምህርት ነው። ሁለተኛው በ72 ሰዓት ሊሰጥ የማይችል ነገር ይሸጣል።

ለባህር ዳር ሩሲያኛ ባዳ አይደለም። ዛሬ ፖሊ የምንለው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። የዚያ ዘመን ግንኙነት የቴክኒክና የምህንድስና ነበር። ፑሽኪንንና ቼኾቭን በራሳቸው ቋንቋ ላንብብ የሚል ተማሪ ግን ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይፈልጋል፤ ኮርሱን የመዘንነውም በዚህ ሚዛን ነው።

የደረጃ አንድ ጥንካሬ አነባበብ ላይ ነው። መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጠቅላላ ለድምፅ ይሰጣሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊደል ብቻ?» ብለው የሚያጉረመርሙ አይጠፉም፤ ግን መምህሩ ልክ ናቸው። 33ቱን ፊደላት በዓይን ለመለየት አንድ ሳምንት ይበቃል። የሚያስቸግረው ቃሉ እንደ ተጻፈ አለመነበቡ ነው። «ኦ» የምትባለው አናባቢ ጫናው፣ ማለት ቃሉ ሲነገር ጠንከር የሚለው ድምፅ፣ እሷ ላይ ካላረፈ «ኦ» መሆኗ ይቀራል። ወተት «ሞሎኮ» ተብሎ ተጽፎ «መላኮ» ተብሎ ይነበባል። «ጥሩ ነው» የሚለው ቃል «ኾሮሾ» ተብሎ ተጽፎ «ኸራሾ» ይባላል። ሦስቱም አናባቢዎች በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በአነባበብ ግን የመጀመሪያዋ ግዕዝ፣ ሁለተኛዋ ራብዕ፣ ጫናውን የተሸከመችው የመጨረሻዋ ሳብዕ ሆነው ይወጣሉ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሩሲያኛውን ቃል ይጽፉና ከሥሩ በእኛው ፊደል አነባበቡን ያሰፍራሉ። በላቲን ፊደል አነባበብ የለመደ ሰው «ሞሎኮ» እያለ ይከርማል፤ የዚህ ክፍል ተማሪ ግን በሁለተኛው ሳምንት «መላኮ» ማለት ይጀምራል። ኮርሱን ከኢንተርኔት ቪዲዮዎች የሚለየውም ይህ ነው፤ ቪዲዮዎቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ነው።

ሌላዋ ዕድላችን ሳድሷ ናት። ለብዙ የውጭ ተማሪ ፈተና የሆነች አንዲት የሩሲያኛ አናባቢ አለች፤ የእኛ «እ» የቅርብ ዘመዷ ናት። ማስረጃው ኪሳችን ውስጥ አለ፦ ሩሲያውያን «ብር» የሚለውን የገንዘባችንን ስም የሚጽፉት በዚህችው ፊደል ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚቀረው ምላሱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ፣ ድምፁን ረዘም ማድረግ ብቻ ነው።

አማርኛችን የሚያሰናክልበት ቦታም አለ፤ መምህሩም አይደብቁትም። «ትሴንትር» የሚለውን ቃል፣ ማዕከል ማለት ነው፣ አብዛኛው ሰው «ጸንትር» ይለዋል። «ጸ» ፈንጂ ድምፅ ናት፤ የሩሲያኛዋ አይደለችም። ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ልምምድ ቀላል ነው፦ ጣትን ማንቁርት ላይ አድርጎ መጀመሪያ «ጸሐይ»፣ ቀጥሎ «ትሴንትር» ማለት። በመጀመሪያው ማንቁርት ወደ ላይ ይዘላል፤ በሁለተኛው መንቀሳቀስ የለበትም። ከዘለለ ስህተት ነው። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ መስተዋትም አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው የተነባቢዎች መለስለስ ነው። ለስላሳዋን «ን» በእኛ «ኝ» መቅረብ ይቻላል። ለ«ት»፣ ለ«ድ»፣ ለ«ል» ግን የሚቀርብ የለንም። «ብራት» ወንድም ነው፤ የመጨረሻዋን «ት» የምላስን መሐል ወደ ላንቃ አስጠግተው ሲያለሰልሷት ቃሉ «መውሰድ» ይሆናል። ሌላ ምንም ለውጥ የለም። «ሽ»ም እንዲሁ ሁለት ናት፦ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ለስላሳና ረዘም ያለች። ለረዘመችው «ሸሸ» ስንል የምትጠብቀዋን «ሽ» መነሻ ማድረግ ይረዳል። የቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ «ብ» «ፕ» ትሆናለች፣ «ድ» «ት» ትሆናለች፤ ዳቦ «ኽሌብ» ተብሎ ተጽፎ «ኽሌፕ» ይባላል። ይህኛው በሁለት ቀን ይለመዳል።

እዚህ ላይ የክፍሉ ዕቃ መምህሩን ያዋርዳቸዋል። ድምፅ የሚሰማው በአንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ነው፤ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ ያስተጋባል። ሁለቱን «ሽ»ዎች የሚለያያቸው ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው፤ ርካሽ ስፒከር የሚበላው ያንኑ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምርና የማዳመጥ ልምምዱ ለይስሙላ ይሆናል። መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም፦ የድምፅ ፋይሎቹን በመጀመሪያው ሳምንት በፍላሽ ወይም በስልክ ተቀበሉ፣ የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኋላ ወንበር አትቀመጡ። ፋይሎቹን ሲጠየቁ ይሰጣሉ፤ ካልተጠየቁ ግን ማንም አያነሣውም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ በስልክ ባትሪ ብርሃን ይቀጥላል። ለንግግር ልምምድ ጉዳት የለውም፤ ለጽሕፈት ግን ያቺ ምሽት እንደ ባከነች ቁጠሯት።

ስለ ጽሕፈት ካነሣን፣ የእጅ ጽሑፍ በደረጃ አንድ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የተሰጠው፤ አንሷል። አማርኛ ስንጽፍ ፊደል ከፊደል አንቀጥልም። ሩሲያውያን ግን በእጅ ሲጽፉ ፊደላቱን ያያይዛሉ፤ መልካቸውም ከታተመው ይለያል። በእጅ የተጻፈችው «ት» የላቲኗን ኤም ትመስላለች፣ «ድ» የላቲኗን ጂ፣ «ኢ» የላቲኗን ዩ፣ «ፕ» የላቲኗን ኤን። «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ም» እና «ል» ተከታትለው ሲመጡ ገጹ ላይ የሚታየው ተከታታይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «ት»ን ከላይ፣ «ሽ»ን ከታች አስምረው የሚለዩት ለዚህ ነው፤ መምህሩ ይህን ያስተምራሉ፣ ሃንድአውቱ ግን የለውም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመምህሩን የሰሌዳ ጽሑፍ ማንበብ ካልቻለ ቃላት ማወቁ ብዙም አይጠቅመውም። ሰያፍ መስመር ያለው የሩሲያ የጽሕፈት ደብተር ባታገኙ በተራ ደብተር ላይ መስመሩን ራሳችሁ አስምሩ፤ በቀን ግማሽ ገጽ፣ ስድስት ሳምንት።

ሃንድአውቱ ከኮርሱ ደካማ ጎኖች አንዱ ነው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ደቃቅ ምልክቶች ጠፍተዋል። ሩሲያኛ ውስጥ «ኢ» እና አጭሯ «ይ» የሚለያዩት ከላይ ባለች ትንሽ ቅስት ነው፤ «ዬ» እና «ዮ» በሁለት ነጥብ። ቅስቷና ነጥቦቹ በኮፒው ላይ ተበልተዋል። ከዚህ የባሰው ከሃንድአውቱ እኩሌታ በኋላ የጫና ምልክት ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ሩሲያውያን በጋዜጣና በመጽሐፍ ምልክቱን አያደርጉም፤ ለጀማሪ በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ ግን ሳይኖር አይሆንም፣ ጫናው የት እንደሚያርፍ የሚናገር ደንብ የለምና። «ዛመክ» ካላችሁ የመኳንንት ግንብ ነው፣ «ዛሞክ» ካላችሁ የበር ቁልፍ፤ ሲጻፉ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ መምህሩ ሲያነቡ እርሳስ ይዛችሁ ምልክቱን ራሳችሁ አስቀምጡ። ይህን ያላደረገ ተማሪ በስህተት ያጠናውን ቃል ኋላ ማረም ከባዱ ሥራ ይሆንበታል።

ሰዋስው ላይ ደረጃ አንድ እንደገና ያገግማል። ሩሲያኛ ስድስት ፓዴዥ አለው፤ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደያዘው ሥራ መጨረሻው ይለዋወጣል። መምህሩ በከተማችን ስም ያስተምሩታል፤ በሩሲያኛ «ባኽር ዳር» ነው። ከባህር ዳር ለማለት «ኢዝ ባኽር ዳራ»፣ ወደ ባህር ዳር አቅጣጫ ለማለት «ክ ባኽር ዳሩ»፣ ከባህር ዳር በላይ ለማለት «ናድ ባኽር ዳረም»፣ በባህር ዳር ለማለት «ቭ ባኽር ዳሬ»። ወደ ባህር ዳር ለመግባት ከሆነ «ቭ ባኽር ዳር»። መጨረሻዎቹን ሁለቱን ልብ በሉ፦ መስተዋድዷ አንድ «ቭ» ናት፤ «በ» እና «ወደ» የሚለየው የቃሉ መጨረሻ ነው። አማርኛ ሥራውን በሙሉ ለ«በ»፣ ለ«ከ»፣ ለ«ወደ» ስለሚሰጥ የእኛ ተማሪ መስተዋድዷን ተናግሮ መጨረሻውን ይረሳል። የዚህ ክፍል ተማሪ ሲረሳ መምህሩ «የት ነህ? ገባህ ወይስ እየሄድክ ነው?» ይሉታል፤ ይሠራል። ጣና ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። «በጣና ሐይቅ ላይ» ሲባል የሚለወጠው ሐይቅ የሚለው ቃል ብቻ ነው፣ ጣና እንዳለ ይቀራል፤ «ና ኦዜሬ ታና»። ሁለቱንም የሚለውጥ ተማሪ ብዙ ነው።

የቁጥር አቆጣጠርም በደንብ ተሰጥቷል። አንድ ብር «አዲን ብር»፣ ሁለት ብር «ድቫ ብራ»፣ አምስት ብር «ፒያት ብረፍ»። ከሁለት እስከ አራት አንድ መልክ፣ ከአምስት ጀምሮ ሌላ መልክ፤ 21 ላይ ሲደርስ እንደገና ወደ አንድ ይመለሳል። ዋጋ በመጠየቅ ጨዋታ ስለሚያለማምዱት አሰልቺ አይደለም።

አሁን ወደ ደረጃ ሁለት። ሒሳቡን እንሥራ። ቶርፍል የተባለው፣ ሩሲያውያን ቴ-ኤር-ካ-ኢ የሚሉት፣ የመንግሥት የቋንቋ ፈተና ለጀማሪው ደረጃ ለኤ1 780፣ ለኤ2 1,300፣ ለቢ1 2,300 ያህል ቃላት ይጠይቃል። ኤ1 ላይ ለመድረስ ብቻ በክፍል ውስጥ ከ100 እስከ 120 ሰዓት የተለመደ ነው። እዚህ ደረጃ አንድ 72 ሰዓት ነው። ስለዚህ ደረጃ ሁለት የሚጀምረው ኤ1 ሳይጠናቀቅ ነው። ቸር ሆነን ተጠናቋል ብንል እንኳ በ72 ሰዓት 1,520 ቃል ይቀራል፤ በሰዓት 21 አዲስ ቃል ማለት ነው፣ ሰዋስውና ንባብ ሳይቆጠር። ፈተናው ደግሞ አምስት ክፍል አለው፦ ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍ፣ ንግግር። በየክፍሉ 66 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ በአንዱ ብቻ እስከ 60 ዝቅ ቢል ይታለፋል። በሰዋስው ጎበዝ የሆነ ሰው የማዳመጡን ጉድለት በእሱ አይሸፍንም። በዚያች ስፒከር ማዳመጥ የተማረ ሰው የት እንደሚወድቅ ግልጽ ነው።

ጥድፊያው ጎልቶ የሚታየው ግሥ ላይ ነው። የሩሲያኛ ግሥ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ነው፤ አንዱ ድርጊቱን ሲካሄድ ወይም ሲደጋገም ያያል፣ ሌላው አልቆ ውጤቱ ሲታይ። «ቺታል» ያለ ወንድ ሲያነብ ነበር ማለት ነው፤ ጨርሶት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «ፕረቺታል» ያለ አንብቦ ጨርሷል። ሴት ከሆነች «ቺታላ»፣ «ፕረቺታላ»፤ ኃላፊ ጊዜ ላይ «እኔ» ስትልም ጾታ ይለያል፣ አማርኛ ግን በ«አነበብኩ» ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛችን «አነበብኩት» ብሎ ሁለቱንም ሊሸፍን ስለሚችል ይህ ልዩነት ሳይሰለቹ ብዙ መለማመድን ይጠይቃል። ደረጃ ሁለት የሰጠው አንድ ምሽት ነው። ፈተና ላይ ልብ ወለዱን አንብበኸዋል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «ቺታል» ብሎ ቢመልስ ፈታኙ ፈገግ ብሎ «ጨርሰኸዋል?» ማለቱ አይቀርም።

የጉዞ ግሦችም እንደዚሁ። የተለመደው አቆጣጠር 14 ጥንድ ነው። እኛ በ«ሄደ» የምንጨርሰውን ሩሲያኛ ይበትነዋል፦ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር በእግር ከሆነ «ኢቲ»፣ ወደ ፔዳ በባጃጅ ከሆነ «ዬኸት»፣ ወደ ዘጌ በጀልባ ከሆነ «ፕልት»፣ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ከሆነ «ሊቴት»። ይህ ሁሉ ለአንድ አቅጣጫ ጉዞ ነው። በየቀኑ የሚመላለስ ወይም ደርሶ የተመለሰ ከሆነ የእያንዳንዱን ጥንድ መጠቀም አለበት፦ «ኻዲት»፣ «ዬዝዲት»፣ «ፕላቨት»፣ «ሊታት»። ከፊታቸው «ፕሪ»፣ «ኡ»፣ «ፔሬ»፣ «ዶ» ሲገባ መምጣት፣ መልቀቅ፣ መሻገር፣ እስከ አንድ ቦታ መድረስ ይሆናሉ። የከተማችን አቀማመጥ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነበር፤ ሐይቅ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ጀልባ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ሃንድአውቱ ግን በሞስኮ የምድር ባቡር ምሳሌ ተሞልቷል፤ ባቡሩን አይቶ የማያውቅ ተማሪ መስመሩን ሲለይ ግሡን ይረሳል። ደረጃ አንድ ላይ ከተማውን እንዲያ የተጠቀሙበት መምህር እዚህ የሌላ ሰው ወረቀት ተሸክመው መምጣታቸው ያሳዝናል።

የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሁለቱን ፑሽኪን ይወስዳቸዋል። እሱስ ባልከፋ። ነገር ግን ሁለቱም ምሽቶች የሚያልቁት በአያቱ አባት በአብራም ጋኒባል ነው። ጋኒባል በቀዳማዊ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ አፍሪካዊ መሆኑ፣ ፑሽኪንም (1799–1837) ስለ እሱ ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው መቅረቱ እውነት ነው። የትውልድ ቦታው ግን አከራካሪ ነው። ነባሩ አስተያየት ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ወዳለው ሎጎ ይወስደዋል፤ ሌላው ካሜሩን ውስጥ ወዳለው ሎጎኔ። ሃንድአውቱ ሁለተኛውን ጭራሽ አያነሣም። የፊሎሎጂ (የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናት) ተማሪ ይህን ይዞ ፈታኝ ፊት ቢቀርብ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ይባላል። ኩራቱ ይቆይና ግጥሙን በቃል ቢይዙ ይሻል ነበር፤ በሩሲያ ግጥም በቃል መያዝ የትምህርቱ አካል ነው፣ ለቅኔ ቤት አገር ልጅም ይህ አይከብድም።

ቀሪዎቹ አራት ምሽቶች «ወንጀልና ቅጣት»ን እና «ጦርነትና ሰላም»ን በአማርኛ ጭማቂ ያቀርባሉ። አራት ቅጽ ያለው ሥራ በሦስት ገጽ አማርኛ! ይህ ጊዜ ማጥፋት ነው። በዚህ ደረጃ የሚነበብ ሩሲያኛ የለም ከተባለ ደግሞ ሐሰት ነው። ቶልስቶይ ለገበሬ ልጆች ማንበቢያ ብሎ የጻፋቸው አጫጭር ታሪኮች አሉ፤ ዓረፍተ ነገራቸው አጭር፣ ቃላቸው የዕለት ነው። ከዚያ የቼኾቭ ሁለትና ሦስት ገጽ ታሪኮች ይከተላሉ። አንድ ገጽ በሩሲያኛ ከመዝገበ ቃላት ጋር መታገል ከአሥር ገጽ ጭማቂ ይበልጣል። ጭማቂውም ቢሆን ዋናውን መሰናክል አልነካውም፤ እሱም የገጸ ባሕርያት ስም ነው። ሮድዮን ሮማኖቪች ራስኮልኒኮቭ በአንድ ገጽ ራስኮልኒኮቭ፣ በሌላው ሮድዮን ሮማኖቪች፣ እናቱ ስትጠራው ሮድያ ነው። ጀማሪ አንባቢ ሦስት ሰው ይመስሉታል። መጽሐፉ ሽፋን ውስጥ በእርሳስ የስም ዝርዝር እየያዙ ማንበብ ነው መፍትሔው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ባህል ተብሎ በአንድ ምሽት የተጠቀለለው ክፍል ውስጥ ያለው ምርጥ ነገር ስለ አባት ስም የተሰጠው ማብራሪያ ነው። መምህርን በስሙና በአባቱ ስም መጥራት ግዴታ ነው፤ «ኢቫን ፔትሮቪች» ማለት የፔትር ልጅ ኢቫን ነው። ለእኛ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆነው ሰነድ ሲሞላ ነው፦ የሩሲያ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም፤ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም እዚያ ይገባል። ችግሩ ፓስፖርቱን የተረጎመው ሰው ስሙን በአንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕቱን የተረጎመው በሌላ ዓይነት የሩሲያኛ ፊደል ከጻፉት ይመጣል። «ጌታቸው» ብቻውን በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ትርጉም ላይ እንዲደገም አድርጉ፤ ከመፈረም በፊት ፊደል በፊደል አስተያዩ። ኮርሱ ይህን አለማንሣቱ ጉድለት ነው።

በዓላትን በተመለከተ የሃንድአውቱ ሠንጠረዥ ስህተት አለበት። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ገና ከእኛው ጋር ጃንዋሪ 7 ነው፤ ሠንጠረዡ ዲሴምበር 25 ብሎታል። ምክንያቱን መናገር ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይጠቅማል፦ ሩሲያ እስከ እ.ኤ.አ. 1918 መጀመሪያ ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 12 ቀን ነበር፣ በ20ኛው 13። የደራሲ ልደት በሁለት ቀን ተጽፎ ብታዩ ስህተት አይምሰላችሁ። በሁለት ካላንደር የኖረ አንባቢ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ደረጃ ሁለት አይነግራችሁም። የፊሎሎጂ ተማሪ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ይማራል። ግዕዝ ለአማርኛ ቀጥተኛ አባት ሳይሆን ቃላትና ክብር ያወረሰው እንደሆነ ሁሉ፣ ያም ለሩሲያኛ እንዲሁ ነው፤ የደቡብ ስላቭ ቋንቋ ነው። የሴሚስተር ፈተና በክረምታቸው ጃንዋሪ፣ በበጋቸው ጁን አካባቢ ይውላል። ብዙው በቃል ነው፦ ተማሪው ከጠረጴዛው ላይ «ቢሌት» የምትባል ጥያቄ የያዘች ወረቀት ያነሣል፣ ጥቂት ይዘጋጃል፣ ቀርቦ ይናገራል። ውጤቱ ከ5 እስከ 2 ነው፤ 2 ውድቀት ነው። ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ መናገር ያልለመደ ሰው ዕውቀቱ ውስጡ ቀርቶበት ይወድቃል። በዚህ ኮርስ አንድም ተማሪ አንድም ቀን ተነሥቶ አምስት ደቂቃ አይናገርም።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፦ ማኅተም ያለው፣ «ቢ1» የሚል ወረቀት ይሰጣል። ለቶርፍል ምትክ አይሆንም፤ ፈተናውን የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ማዕከል ብቻ ነው። በሩሲያ መንግሥት ኮታ (ነጻ የትምህርት ዕድል) የሚሄድና ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ ደግሞ አስቀድሞ «ፖድፋክ» በሚባለው የመሰናዶ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ያህል ይማራል። እዚያ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ነው፤ ከፊደል ይጀመርና ወደ ቢ1 ይወሰዳል። ታዲያ እዚህ ለደረጃ ሁለት የሚከፈለው ገንዘብ እዚያ በተሻለ ሁኔታ ለሚሰጥ ነገር የሚከፈል ነው። ደረጃ አንድ ግን ፖድፋክ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ አነባበቡ የተስተካከለ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት መምህሩን ይሰማል።

ደረጃ አንድን ስትጨርሱ ከሚቀጥለው ትምህርት ይልቅ እነዚህን አድርጉ። ስልካችሁ ላይ የሩሲያኛ የፊደል ገበታ ጫኑ፤ ሩሲያውያን የሚጠቀሙበትን መደበኛውን እንጂ ላቲንን ተከትሎ የተደረደረውን አይደለም፣ እዚያ ሄዳችሁ የምታገኙት መደበኛውን ነውና። ጋንኪን ያዘጋጃቸውን ሁለት መዝገበ ቃላት ፈልጉ፦ የሩሲያኛ–አማርኛው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአማርኛ–ሩሲያኛው በ1969 ሞስኮ ላይ የታተሙ ናቸው። ያረጁ ናቸው፣ የኮምፒውተርና የሞባይል ቃል አትጠብቁባቸው፤ ለቼኾቭና ለቶልስቶይ ግን ይበቃሉ። በስካን ተነሥተው የሚዞሩ ቅጂዎች አሉ። አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ የሩሲያ የባህል ማዕከል የቋንቋ ትምህርቱን ጠይቁ።

ለመመዝገብ የምትሄዱ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ምሽት በነጻ ተቀምጣችሁ ማየት ይፈቀዳል፤ ጠይቁ። የሚቀጥለው ዙር ሃንድአውት ምልክቱ የሚታይ አዲስ ኅትመት መሆኑን ገልጣችሁ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ከመምህሩ ኦሪጅናሉን ተውሳችሁ ራሳችሁ ኮፒ አድርጉ። ለሁለቱም ደረጃ የከፈለ ሰው የሁለተኛውን ማስመለስ አይችልም። ደረጃ ሁለትን ሳይመዘገቡ ቅዳሜ የሚሰጠውን የንግግር ልምምድ ሰዓት ብቻ ለይቶ መክፈል ግን ይቻላል። መምህሩ ያው የደረጃ አንዱ ናቸው፣ ቁጥሩም ከስምንት ተማሪ አይበልጥም፤ ያንን ውሰዱ።